ኳንተም ፊዚክስና አእምሮ፦ ማመሳሰል የሚጠቅመው መቼ ነው?



ኳንተም ፊዚክስና አእምሮ በአንድነት ሲነሡ ሁለት የተለያዩ ሐሳቦች ይደባለቃሉ። የመጀመሪያው፣ ንቃተ ህሊና የሚመነጨው በአንጎል ውስጥ ከሚካሄድ የኳንተም ሂደት ነው ይላል። ሁለተኛው ስለ አንጎል አሠራር ምንም ሳይል፣ የኳንተም ሒሳብ የሰውን ፍርድ ለመግለጽ ያገለግላል ይላል። ዛሬ ማሳየት የምፈልገው፣ አንዱ ቢወድቅ ሌላው አብሮት እንደማይወድቅ ነው።

የመጀመሪያውን ሐሳብ ሮጀር ፔንሮዝ እ.ኤ.አ. በ1989 ባሳተሙት መጽሐፍ አነሡ። በኋላም ከማደንዘዣ ሐኪሙ ስቱዋርት ሃመሮፍ ጋር ሆነው፣ ሂደቱ የሚካሄደው በነርቭ ሕዋሳት ውስጥ ባሉ ማይክሮቱቡል በተባሉ ጥቃቅን ቱቦዎች ነው አሉ። ማክስ ቴግማርክ በ2000 ባወጡት ስሌት ግን፣ እንዲህ ያለው ሁኔታ በሞቃቱ አንጎል ውስጥ ከ10⁻¹³ ሰከንድ ያህል በላይ አይቆይም፤ የነርቭ መልእክት ደግሞ ቢያንስ አንድ ሚሊሰከንድ ያህል ይፈልጋል። ልዩነቱ አሥር ቢሊዮን እጥፍ ነው። ሃመሮፍና ባልደረቦቻቸው ስሌቱን ተቃውመዋል፤ በእኔ እምነት ግን የማስረዳት ሸክሙ አሁንም በእነርሱ ላይ ነው።

ሁለተኛውን በምሳሌ እንየው። በ1997 የጋሉፕ ተቋም አሜሪካውያንን፣ ፕሬዚዳንት ክሊንተንና ምክትላቸው ጎር ሐቀኞች መሆናቸውን ጠየቀ። ስለ ክሊንተን አስቀድመው ከተጠየቁት 50 ከመቶው «አዎ» አሉ፤ ከጎር ቀጥሎ ሲጠየቅ ቁጥሩ 57 ሆነ። ጎር በፊናቸው ሲቀድሙ 68፣ ሲከተሉ 60 አገኙ። በኳንተም ፊዚክስም ሥፍራን ለክቶ ሞመንተምን መለካትና ይህንኑ ገልብጦ መለካት አንድ ዓይነት ውጤት አይሰጡም።

ይህ ብቻውን ተመሳሳይነት እንጂ ማስረጃ አይደለም፤ የተለመደው ሥነ ልቦናም የቅደም ተከተልን ተጽዕኖ በራሱ መንገድ ያስረዳል። ነገር ግን ከኳንተም ሒሳቡ አንድ ተጨማሪ ትንበያ ይወጣል፦ በጥያቄዎቹ መካከል አዲስ መረጃ እስካልገባ ድረስ፣ ለሁለቱም «አዎ» ያሉትና ለሁለቱም «አይደለም» ያሉት ሰዎች ድርሻ ሲደመር፣ ቅደም ተከተሉ ቢገለበጥም አይለወጥም። ዠንግ ዋንግ፣ ጀሮም ቡሰማየርና ባልደረቦቻቸው በ2014 ይህን በ70 አገር አቀፍ የአስተያየት ጥናቶች ፈትነው ትንበያው በሰፊው መያዙን አሳዩ።

«አእምሮ ረቂቅ ነው፤ ኳንተምም ረቂቅ ነው፤ ስለዚህ አንድ ናቸው» የሚል ጽሑፍ ሲገጥማችሁ፣ ሊሳሳት የሚችል ምን ቁጥር እንዳቀረበ ጠይቁ። ለመመረቂያ ጽሑፋችሁ ይህን ርእስ የምትመርጡም ሥራችሁን ከዚሁ ጥያቄ ጀምሩ።