መስታወቱ ወደ ምዕራብ አይዙር

አዲስ አበባ ላይ የቀትር ፀሐይ ከፍ ብላ ስለምትውል ሰፋ ያለ የጣሪያ ክፈፍ ይበቃታል። አስቸጋሪዋ የከሰዓቷ ናት፤ ዝቅ ብላ በምዕራብ መስኮት ስትገባ ክፈፍ አያግዳትም። እናም ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ባላት፣ ሌሊቷ በሚቀዘቅዝ ከተማ የሕንፃን ሙሉ ፊት መስታወት አልብሶ ኤሲ መግጠም ይገርመኛል። (ለፎቶ ያምራል፣ አልክድም።)

ያለ ኤሲ እንደሚቻል ለማየት የዚምባብዌዋን ሐራሬ ተመልከቱ። በ1996 እ.ኤ.አ. የተጠናቀቀው የአርክቴክት ሚክ ፒርስ ኢስትጌት ሕንፃ የተለመደ ኤሲ የለውም። ሌሊት ቀዝቃዛ አየር በወለሎቹ ውስጥ ይነፍሳል፤ ኮንክሪቱ ቅዝቃዜውን ይዞ ያድርና ቀን ወደ ክፍሎቹ የሚገባውን አየር ያበርዳል።

ቤት ልታሠሩ ያሰባችሁ፣ ቦታው ከፈቀደ ረጅሙን ጎን ወደ ሰሜንና ደቡብ አዙሩ። ምዕራቡን ለደረጃና ለዕቃ ቤት ተዉት። ይህንን ፕላኑ ሳይጸድቅ ከአርክቴክታችሁ ጋር ተነጋገሩበት።