የአካባቢ ጥበቃ ማኅበራት በቀበሌ ደረጃ፦ ምን ይሠራሉ? ሕጉስ እንዴት ያስተናግዳቸዋል?

የአካባቢ ጥበቃ ሲነሣ ብዙ ሰው በቅድሚያ የሚያስበው ችግኝ ተከላን ነው። ተከላው አስፈላጊ መሆኑ አያጠያይቅም። ይሁን እንጂ በአገራችን ከተከላ ዘመቻዎች እጅግ የቀደመ ሌላ አካሄድ አለ፤ ይኸውም ያለው እንዳይጠፋ መጠበቅ፣ ከአባቶች የተረከቡትን ደን፣ ሣር፣ ምንጭና ረግረግ ሳያጎድሉ ለልጆች ማስረከብ ነው። ይህ አመለካከት በመልካም ትርጉሙ ወግ አጥባቂ ሊባል ይችላል፤ የተፈጥሮ ሀብትን እንደ አደራ ያያል፣ ውሳኔው ሀብቱ አጠገብ በሚኖረው ሰው እጅ እንዲሆን ይሻል፣ ከመብት ጋር ግዴታን ያያይዛል። አመለካከቱን የሚያራምዱ ማኅበራትም ሥራቸው የሚለካው በቀበሌ ባሉ ቅርንጫፎቻቸውና ቡድኖቻቸው ነው።

ይህ ጽሑፍ በየአካባቢያቸው እንዲህ ያለ ማኅበር ወይም የነባር ማኅበር ቅርንጫፍ ለማቋቋም የሚሹ ዜጎች ሥራው ምን እንደሚመስልና በሥራ ላይ ያሉት ሕጎች ምን ዓይነት መንገድ እንደሚከፍቱላቸው እንዲረዱ የተዘጋጀ ነው።

የአካባቢ ቡድን የዕለት ተዕለት ሥራ

ከአገር በቀል ማኅበራት አንዱ በ1966 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ነው። ማኅበሩ ለአእዋፍ ጠቃሚ በሆኑ ሥፍራዎች የአካባቢው ነዋሪዎች የሚሳተፉባቸው ደጋፊ ቡድኖች እንዲቋቋሙ ሲያግዝ ቆይቷል። በኦሮሚያ ክልል ምዕራብ ሸዋ ዞን፣ ከአዲስ ዓለም ከተማ አቅራቢያ የሚገኘው የበርጋ ረግረጋማ ሜዳ ለዚህ ተጠቃሽ ነው። በዓለም ላይ በእጅጉ ከተመናመኑት አእዋፍ አንዷ የሆነች፣ ክንፏ ላይ ነጭ ያለባት ትንሽ የረግረግ ወፍ በክረምት ወራት በዚህ ሜዳ ሣር ውስጥ ትራባለች። ጎጆዋን የምትሠራው ከሣሩ ሥር በመሆኑ የከብት ኮቴ በቀላሉ ያጠፋባታል። ሜዳው ደግሞ ለነዋሪው ግጦሽና ድርቆሽ ነው።

በእንዲህ ያለ ሥፍራ የቡድኑ ዋና ተግባር ባለከብቶችን ማስማማት ነው። ወፊቱ እስክትራባ ከብት ከሜዳው ይርቃል፤ ሣሩም በዚያው ያድግና ኋላ ታጭዶ ድርቆሽ ይሆናል። ወፊቱም ባለከብቱም የሚፈልጉት ረጅም ሣር ስለሆነ ስምምነቱ የሚቻል ነው፤ ነገር ግን ይህን ለጎረቤቱ በጎረቤትነት የሚያስረዳ ሰው ያስፈልጋል። ከሩቅ የመጣ ባለሙያ ብቻውን ሊሠራው የሚችል አይደለም።

ከዚህ በተረፈ የአካባቢ ቡድኖች ሥራ የተለያየ ነው። ሰደድ እሳት ሲነሣ ቀድመው ይደርሳሉ፤ ሕገ ወጥ ቆረጣና አደን ሲያዩ ለወረዳው ያሳውቃሉ፤ በትምህርት ቤቶች የተፈጥሮ ክበባትን ያግዛሉ፤ በወሰን የሚጣሉ ወገኖችን በሽማግሌ ያስታርቃሉ፤ የነዋሪውን አስተያየት ለወረዳ ምክር ቤትና ለመሥሪያ ቤቶች ያቀርባሉ። የመጨረሻው ተግባር በተለምዶ ጉትጎታ ወይም አድቮኬሲ የሚባለው ነው።

የመንዝ ጓሳ ልምድ

በአማራ ክልል ሰሜን ሸዋ ዞን፣ በመንዝ ጌራ ምድር ወረዳ የሚገኘው የጓሳ ጥብቅ ሥፍራ ስለ ማኅበረሰብ ጥበቃ በሚነገርበት ሁሉ የሚነሣ ነው። ሥፍራው ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ያለው፣ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሚሸፍን ውርጫማ የሣር ምድር ሲሆን ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ዝንጀሮ ይኖሩበታል። ስሙን ያገኘው ጓሳ ከሚባለው ሣር ነው። ሣሩ ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለዝናብ መከላከያ ገሳ ይሆናል። በዚያ ብርድ አገር ክዳን የሌለው ቤት ቤት አይባልምና የሣሩ ጉዳይ ለመንዜው የኑሮ ጉዳይ ነበር፤ ዛሬም በብዙ ቤት እንደዚያው ነው።

በአካባቢው እንደሚነገረው ጥበቃው የተጀመረው በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ አስቦና ጌራ ከተባሉ ሁለት አባቶች ዘመን ጀምሮ ነው። ሥርዓቱ ቄሮ ይባላል። የሁለቱ አባቶች ተወላጆች በአጽመ ርስት ሥርዓት የመጠቀም መብት ነበራቸው፤ መብቱን የሚያስከብሩ፣ በተጠቃሚው የሚመረጡ አለቆችም ነበሩ። ቦታው እስከ ሦስት ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ለሆነ ጊዜ ይዘጋል። ሣሩ ሲደርስ መክፈቻው ቀን በሕዝብ ፊት ይታወጃል፤ በመጀመሪያ ሣር ይታጨዳል፣ ቀጥሎ በበጋ ከብት ይገባል። ክረምቱ ሲገባ ሁሉም ይወጣል። መውጫው ከሐዋርያት ጾም ፍቺ፣ ከሐምሌ 5 ጋር የተያያዘ ስለነበር ቀኑን አላወቅሁም የሚል ሰው አይኖርም። የዛሬ ማኅበራት በደንባቸው ውስጥ «አግባብ ባለው ጊዜ ይዘጋል» ብለው ከሚጽፉት ይልቅ ይህ የሐምሌ 5 አቆጣጠር እጅግ የተሻለ የሕግ አጻጻፍ ነው።

ሥርዓቱ በዚህ መልክ ለረጅም ዘመን ከዘለቀ በኋላ የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 31/1967 ወጣ። አዋጁ ጭሰኛውን ከባለርስቱ ቀንበር ያወጣ ታላቅ ለውጥ መሆኑ የታወቀ ነው። ሆኖም የቄሮ ሥርዓት የቆመው በአጽመ ርስት ላይ ስለነበረ ርስቱ ሲቀር የጥበቃው መሠረትም አብሮ ቀረ። የዝጋ ክፈት ትእዛዝ የሚሰጠው አለቃ በሕግ ፊት ማንም አልነበረም፤ ሣሩን ያጨደ ሰው የጣሰው ሕግ አልነበረም። በተከታዮቹ ዓመታት ቦታው ያለ ጊዜው እየታጨደና እየተጋጠ ተጎዳ፤ አንዳንዱም ወገን ታረሰ።

የአካባቢው ሰው ግን ነገሩን አልተወውም። ከቀበሌዎች የተወከሉ አባላትና ሽማግሌዎች ያሉበት ኮሚቴ ተቋቋመ፤ መዝጋትና መክፈት እንደገና ተጀመረ። በቀድሞው ሥርዓት መብቱ የተወላጅ ብቻ ነበረ፤ አዲሱ አሠራር የቀበሌውን ነዋሪ ሁሉ የሚያካትት መሆን ነበረበት። ከረጅም ጥረት በኋላም ጓሳ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ በክልሉ እውቅና አግኝቷል። ዛሬ ማኅበር ለማቋቋም የሚነሣ ዜጋ ከዚህ ታሪክ ሊወስድ የሚገባው ዋናው ነገር ስለ ሕጋዊ እውቅና ያለው ነው። ሦስት መቶ ዓመት የተከበረ ደንብ በአንድ አዋጅ የፈረሰው ሕግ የሚያውቀው ባለቤት ስላልነበረው ነው።

የማቋቋሚያ መንገዶች

በአሁኑ ጊዜ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶችን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ነው። አዋጁ የቀድሞውን አዋጅ ቁጥር 621/2001 የተካ ሲሆን፣ ከውጭ ምንጭ ከ10 በመቶ በላይ ገቢ የሚያገኙ ማኅበራትን ከመብትና ከጉትጎታ ሥራ አርቆ የነበረውን ገደብ አስቀርቷል። ድርጅቶች ከሥራቸው ጋር ግንኙነት ባላቸው ጉዳዮች ላይ ሕግ፣ ፖሊሲ ወይም አሠራር እንዲሻሻል ሐሳብ ማቅረብ እንደሚችሉም በግልጽ ደንግጓል። ስለሆነም ስለ ወረዳው የግጦሽ አጠቃቀም ወይም ስለ ክልሉ የደን ደንብ አስተያየት የሚያቀርብ ማኅበር በሕግ የተፈቀደለትን ይሠራል።

ማኅበር ለመመሥረት ቢያንስ አምስት አባላት ይበቃሉ፤ የበላይ አካሉ ጠቅላላ ጉባኤው ነው። ለምዝገባ የመሥራቾች ቃለ ጉባኤ፣ የመሥራቾች ስም፣ አድራሻና መታወቂያ፣ የማኅበሩ ስም፣ ዓላማና የሥራ ቦታ እንዲሁም መተዳደሪያ ደንብ ይቀርባል። ከአንድ ክልል በላይ የሚሠራ ወይም በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የሚቋቋም ድርጅት በፌዴራሉ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን ይመዘገባል። በአንድ ክልል ብቻ የሚሠራ ደግሞ በክልሉ ሕግ መሠረት ለክልሉ መዝጋቢ አካል ያመለክታል። እድርና እቁብ በዚህ አዋጅ አይሸፈኑም። ስለሆነም የመንደሩን ምንጭ ወይም ደን በእድር አማካይነት ሲጠብቁ የቆዩ ነዋሪዎች እድራቸውን እንደያዙ ለጥበቃው ሥራ የተለየ ማኅበር ማቋቋም ይኖርባቸዋል።

ነባር ማኅበርን ተቀላቅሎ ቅርንጫፍ መክፈት ሌላው አማራጭ ነው። ይህ ምዝገባን ያቀልላል፤ ቅርንጫፉ ግን የሚሠራው በእናት ማኅበሩ ሕጋዊ ሰውነት ነው። ስለሆነም ውል የመፈረም፣ የባንክ ሒሳብ የማንቀሳቀስና በማኅበሩ ስም አቤቱታ የማቅረብ ሥልጣኑ ምን ያህል እንደሆነ ከእናት ማኅበሩ በጽሑፍ ሊያዝ ይገባል። የቅርንጫፍ ሰብሳቢ ከሥልጣኑ በላይ የፈረመው ስምምነት በኋላ ክርክር ማስነሣቱ አይቀርም።

አባላቱ ሣር፣ ማር ወይም እንጨት በጋራ ሸጠው ትርፉን ለመከፋፈል የሚፈልጉ ከሆነ ማኅበር ትክክለኛው ቅርጽ አይደለም። በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 የሚቋቋም ድርጅት ገቢ ማስገኛ ሥራ መሥራት ቢችልም ገቢው ለዓላማው የሚውል እንጂ ለአባላት የሚከፋፈል አይደለም። የትርፍ ክፍፍል ለሚፈልጉ መንገዱ በአዋጅ ቁጥር 985/2009 መሠረት የኅብረት ሥራ ማኅበር ማቋቋም ነው። በአንድ ቀበሌ ሁለቱም ጎን ለጎን ሊኖሩ ይችላሉ፤ አንዱ ይሸጣል፣ ሌላው ይጠብቃል፣ ይጎተጉታል። ሒሳባቸው ብቻ አይቀላቀል።

መሬቱና ሀብቱ

ማኅበሩ ተመዘገበ ማለት ደኑ የማኅበሩ ሆነ ማለት አይደለም። ይህን ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። የደን ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1065/2010 የግል፣ የማኅበረሰብ፣ የማኅበርና የመንግሥት ደን የሚባሉ አራት የባለቤትነት ዓይነቶችን ያውቃል። የማኅበረሰብ ወይም የማኅበር ደን እንዲሆን የሚፈለገው ቦታ ወሰኑ ተለይቶ በሚመለከተው የክልል አካል እውቅና ማግኘት አለበት። እንደ ጓሳና እንደ በርጋ ያሉ የሣር ምድሮችና ረግረጎች ግን ደን ባለመሆናቸው በዚህ አዋጅ ብቻ አይጠበቁም፤ ለእነርሱ አግባብነት ያላቸው የገጠር መሬት አስተዳደር ሕጎች ናቸው። የጋራ ይዞታን የሚመለከቱት ድንጋጌዎች በፌዴራል ደረጃ በአዋጅ ቁጥር 1324/2016 ውስጥ ይገኛሉ፤ ማመልከቻው የሚቀርበው ለወረዳው የመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ነው።

ጉዳት ሲደርስ

የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ማንኛውም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ይደነግጋል። አንቀጽ 92 ደግሞ ሕዝቡን በቀጥታ የሚነኩ የአካባቢ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ሲታቀዱና ሲፈጸሙ ሕዝቡ ሐሳቡን የመግለጽ መብት እንዳለው ያስቀምጣል። በአካባቢው ፋብሪካ፣ የድንጋይ ካባ ወይም መንገድ ሊሠራ ሲታቀድ የአካባቢ ቡድኑ የተጽዕኖ ግምገማው ላይ አስተያየት የሚሰጠው በዚህ መነሻ ነው፤ ዝርዝሩ በአዋጅ ቁጥር 299/1995 ይገኛል።

ብክለት ወይም ሌላ የአካባቢ ጉዳት ሲደርስ፣ ወይም ሊደርስ ይችላል ተብሎ ሲሠጋ፣ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ማንኛውም ሰው የግል ጥቅሙ መነካቱን ማስረዳት ሳያስፈልገው ለፌዴራሉ ወይም ለክልሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አቤቱታ እንዲያቀርብ ይፈቅዳል። ወንዙ ከቤቱ ርቆ የሚፈስ ሰውም ስለ ወንዙ ማመልከት ይችላል። መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀናት ውስጥ ውሳኔ ካልሰጠ ወይም አቤት ባዩ በውሳኔው ካልረካ፣ ውሳኔው ከተሰጠበት ወይም የውሳኔው ጊዜ ካለፈበት ቀን አንሥቶ በ60 ቀናት ውስጥ ለፍርድ ቤት ክስ ማቅረብ ይችላል። አቤቱታ የሚያቀርቡ ማኅበራት የማመልከቻውን ቅጂ ለራሳቸው እንዲያስቀሩና በቅጂው ላይ የተቀባዩ መሥሪያ ቤት ማኅተም፣ የገቢ መዝገብ ቁጥርና ቀን እንዲሰፍርላቸው እንዲጠይቁ ይመከራል፤ 30ው ቀን መቼ እንዳለቀ ፍርድ ቤት የሚያየው በዚያ ማስረጃ ነው።