ሞተሩ ሳይሞቅ ድረስ

ይቺን ጽሑፍ ደላላ ወዳጆቼ ባያነቧት እመርጣለሁ። ላሊበላ ውስጥ ያገለገለ ሚኒባስ ወይም ላንድክሩዘር ልትገዛ ስትነሳ፣ ከሻይ ቤቱ እስከ ጋራዡ የሚመክርህ ሁሉ «ናፍጣ ግዛ!» ይልሃል። አገሩ ዳገት ነው፣ ናፍጣ ጉልበት አለው፣ ነዳጅ ይቆጥባል፣ ስትሸጠውም አያከስርህም። ውሸት የለበትም። የትኛው ናፍጣ እንደሆነ ግን ማንም አይጨምርልህም።

ላሊበላ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። እዚህ ያለው አየር ከባሕር ጠረፉ በሩብ ገደማ የሳሳ ነው፤ ሞተሩም የሚያገኘው ያንኑ ነው። ተርቦ ያለው ናፍጣ አየሩን አምቆ ስለሚያስገባ ዳገቱ ብዙም አይከብደውም። ተርቦ የሌለው ግን ጉልበቱ ይጎድላል፤ ፖምፓው ለቆላ በተለካ መጠን ናፍጣ ሲረጭበት ሳይቃጠል የቀረው ጥቁር ጭስ ሆኖ በማርሚታው ይወጣል። ቤንዚንም ይደክማል፣ ግን ኢንጀክሽን ያለው ከሆነ አየሩን ለክቶ ቤንዚኑን ስለሚቀንስ አያጨስም።

እንግዲህ ሻጩ ጭሱን ምን ያደርገዋል? ገዢ ከመምጣቱ በፊት መካኒክ ጠርቶ የፖምፓውን ብሎን ትንሽ ያስመልሰዋል። ናፍጣው ይቀንሳል፣ ጭሱ ይጠፋል፣ አንተም «ንጹሕ ሞተር» ብለህ ትከፍላለህ። ሰውና ዕቃ ጭነህ ከወልዲያ የድልብን ዳገት ስትወጣ ግን መኪናው አንደኛ ማርሽ ላይ ያቃስታል። ስለዚህ ባዶውን አስፋልት ላይ ነድተህ አትመለስ። ሰው ሙላበትና ዳገት አውጣው፤ ሻጩ «ለምን ታደክመዋለህ?» ካለ መልሱን አገኘህ።

ሃይኤስ ከሆነ ደላላውን ከመስማትህ በፊት የሻንሲ ቁጥሩን እይ። ፊደሎቹ አይዋሹም። ኬዲኤች ካለ ተርቦ ናፍጣ ነው፤ ኤልኤች ካለ ናፍጣ ሆኖ አብዛኛውን ጊዜ ተርቦ የለውም፤ ቲአርኤች ካለ ቤንዚን ነው። ላንድክሩዘር ላይ ኤችዜድጄ ካየህ ባለ 4.2 ሊትር፣ ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ ተርቦ የሌለው ናፍጣ ነው። ዳገት ላይ ቀርፋፋ ነው፣ ያጨሳል፤ እኔ ግን እወደዋለሁ። ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ በሚወስደው መንገድ ቢቆምብህ ኮምፒውተር የሚያስፈልገው ነገር የለውም፤ መፍቻ የያዘ ሰው ይበቃዋል።

ዋናው ነገር ሰዓቱ ነው። «አራት ሰዓት ላይ ና» ከተባልክ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ድረስ። በታኅሣሥ ብርድ ያደረ ናፍጣ እውነቱን የሚናገረው ያኔ ነው። መጀመሪያ እጅህን ሞተሩ ላይ አሳርፍ፤ ሞቅ ካለ ቀድሞህ የተነሳ ሰው አለ። ቀዝቃዛ ከሆነ አስነሳው። ረጅም ጊዜ ተሽከርክሮ ነጭ ጭስ እያንቦለቦለ ከተነሳ ወይ ካንዴሌታው ሞቷል፣ ወይ ኮምፕሬሽኑ ወርዷል። ካንዴሌታው ቀላል ነው። ኮምፕሬሽኑን ለማወቅ ሞተሩ እየሠራ የዘይቱን ክዳን ክፈት፤ ጭስ እየተነፈሰ እጅህን ከገፋው ፋሻው አልቋል። አንዳንዱ ሻጭ ይህን ለመሸፈን ወፍራም ዘይት ይሞላል።

አሁን ደግሞ ደላላው የማይወደውን ልንገርህ፤ ለብዙ የላሊበላ ሰው ቤንዚን ይሻላል። ሥራህ እንግዳ ከኤርፖርት ወደ ሆቴል ማድረስ ከሆነ መንገዱ አጭር ነው፤ ገናና ጥምቀት ካለፉ በኋላ መኪናው አብዛኛውን ጊዜ ቆሞ ይውላል። ናፍጣ በነዳጅ የሚቆጥበው ብዙ ሲነዳ ብቻ ነው። ቆሞ የከረመ ናፍጣ ታንከሩ ውስጥ ውኃ ይሰበስባል፣ ፖምፓውን ይበላዋል፤ ፖምፓና ኖዝል ለማስተካከል ደግሞ ተፈትቶ ወደ ትልቅ ከተማ ይላካል። የቤንዚኑ ካንዴላ ግን ባጃጅ የሚሠራው ልጅም ይቀይርልሃል። በየቀኑ ጋሸናና ወልዲያ የምትመላለስ ከሆነ ግን የሰማኸውን እርሳው፤ ኬዲኤች ፈልግ።

የነዳጁንም ነገር አትርሳ። ማደያ ሲደርቅ ቤንዚን በሃይላንድ ፕላስቲክ መንገድ ዳር ይወጣል፤ ያንን ከባጃጆቹ ጋር ተጋፍተህ ነው የምትገዛው። ናፍጣውም ነጭ ጋዝ ሊቀላቀልበት ይችላል። ነጭ ጋዝ የማለስለስ አቅሙ ዝቅተኛ ስለሆነ ፖምፓውን ከውስጥ ይፍቀዋል። የምትገዛውን መኪና የነዳጅ ፊልትሮ አስፈትተህ በብርጭቆ አስቀዳው፤ ውኃና ዝቃጭ ከታየህ ዋጋው ላይ ተከራከር።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ሻጭ ቀብረር ብሏል፤ ቢሆንም መካኒክህን ራስህ ይዘህ ሂድ። ደላላው «የማውቀው ልጅ አለ» ብሎ የሚያመጣልህ መካኒክ ከኮሚሽኑ ድርሻ አለው። ለገና ሁለት ወር ሲቀረው አትግዛ፤ ሁሉም እንግዳ ጠብቆ ዋጋ ይሰቅላል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ባለቤቱ የልጆች ደብተር መግዣና የጎማ ዕዳ ሲያሳስበው፣ ጠዋት በብርድ ሞተሩን አስነስተህ፣ ከሰዓት ዋጋውን ተነጋገር።