ቋሚ ቱቦ፣ ተጎታች ጎማ

የመስኖ ዋናው ቱቦ መሬት ውስጥ ተቀብሮ አይነቃነቅም፤ ውሃ የሚረጨው መሣሪያ ግን ማሳውን ለማዳረስ መዘዋወር አለበት። ሁለቱን የሚያገናኘው ጎማ ነው።

አሜሪካዊው ፍራንክ ዛይባክ እ.ኤ.አ. በ1952 የፈጠራ መብት ያገኘበት ሴንተር ፒቮት ጎማ መጎተትን ጨርሶ አስቀርቷል። ውሃው ማሳው መሐል በቆመ ምሰሶ ይወጣና በምሰሶው ዙሪያ ለሚሽከረከረው ረጅም ክንድ ይደርሳል። የተለመደው ክንድ 400 ሜትር ያህል ስለሚረዝም አንድ ዙር 50 ሄክታር ገደማ ያጠጣል። በደብረ ማርቆስ ዙሪያ፣ በጎዛምንና በስናን፣ ይህን የሚያክል መሬት የብዙ አባወራ ነው፤ መሐሉን ድንበር፣ ዛፍና ሸለቆ ይቆርጠዋል። ስለዚህ ፒቮት ለእኛ አይመችም።

ለእኛ የሚቀርበው ከዓባይ ማዶ ያለው ነው። የፊንጫ ስኳር ፋብሪካ የሸንኮራ አገዳውን በርጭት ያጠጣል። በእንዲህ ያለ አሠራር ከተቀበረው ቱቦ ላይ ቫልቭ ያላቸው መውጫዎች በየርቀቱ ብቅ ይላሉ። ሠራተኛው የጎማውን አንድ ጫፍ እዚያ ይገጥማል፤ በሌላው ጫፍ በእግሮቹ የቆመው መርጫ ይሽከረከራል። ቦታው ሲጠግብ መርጫው ከነጎማው ይጎተትና ቀጥሎ ባለው ቦታ ይተከላል። መውጫው ካስማ፣ መርጫው የታሰረ በሬ ነው፦ ካስማው መሐል ከተተከለ 50 ሜትር ጎማ ወዲህና ወዲያ 100 ሜትር ያዳርሳል፤ ዳር ከተተከለ ግን ግማሹ ይቀራል።

ብዙዎች የሚሳሳቱት በጎማው ውፍረት ነው። ቀጭኑ ይረክሳል፤ ለመጎተትም ይቀላል። ነገር ግን ያንኑ የውሃ መጠን በግማሽ ስፋት ለማሳለፍ ሲሞከር በፍትጊያ የሚጠፋው ግፊት ወደ 30 እጥፍ ያድጋል። መርጫው ያኔ መበተኑን ትቶ እግሩ ሥር ያንጠባጥባል።

የጎጃም ደጋ ትልቁ ሀብት እዚህ ላይ ይታየኛል። ውሃ 10 ሜትር በወረደ ቁጥር 1 ባር ያህል ግፊት ያገኛል። ከጮቄ ተዳፋት የሚወርድ ምንጭ ከማሳው 30 ሜትር ከፍ ብሎ ቢጠለፍና በቱቦ ቢወርድ፣ ያለ ሞተርና ያለ ናፍጣ አነስተኛ መርጫ ማሽከርከር ይችላል። መራዊ አጠገብ 7,000 ሄክታር እንዲያለማ የታቀደው የቆጋ መስኖ እንኳ ውሃውን የሚያደርሰው በቦይ ነው፤ በቦይ የሚወርድ ውሃ ደግሞ ከፍታው የሰጠውን ጉልበት መንገድ ላይ ይጨርሰዋል።

ጎማው ከመገጠሙ በፊት ቫልቩን ለጥቂት ጊዜ ከፍቶ ደለሉን ማስወጣት ያስፈልጋል፤ አለዚያ የመርጫው ቀዳዳ ይደፈናል። በበጋ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ርጭቱን ወደ ጎረቤት ማሳ ስለሚወስደው፣ ተራው በጠዋት ወይም በማታ ቢሆን ይመረጣል።