ከኢስትሊ ወደ ሞምባሳ፦ ምሽግና ባቡር ያላት ከተማ

በናይሮቢው ኢስትሊ ለሚኖር አበሻ ሞምባሳ ማለት ባሕር ነው። ቅዳሜ ሄዶ፣ ዋኝቶ፣ ዓሣ በልቶ እሑድ ማታ ይመለሳል። የኬንያ ባቡር የተነሣው ግን ከዚያች ከተማ ነው፤ ከምሥራቅ አፍሪካ ታላላቅ ምሽጎች አንዱም የቆመው እዚያው ነው። ሁለቱን ሳያይ የተመለሰ ሰው ሞምባሳን አየሁ ባይል ይሻለዋል።

ባቡሩን በአጭሩ ልጨርሰው። እንግሊዞች ከሞምባሳ ሐዲድ መዘርጋት የጀመሩት በ1896 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። በ1899 አንድ ረግረጋማ ሜዳ ላይ ደርሰው ጣቢያና የዕቃ ማከማቻ ተከሉ፤ ናይሮቢ የምትባለው ከተማ ከዚያ ጣቢያ በቀለች። የእኛም ምድር ባቡር ከጅቡቲ መዘርጋት የጀመረው በ1897 ነበር፤ ድሬዳዋ የገባው በ1902 ነው። የሁለቱም ሐዲድ ስፋት አንድ ሜትር ነበር። ሁለቱም ከመቶ ዓመት በላይ ቆይተው ቻይናዎች በሠሩት ሰፊ ሐዲድ ተተኩ፤ የእኛው በ2016፣ የኬንያው በ2017 ተመረቀ። ድሬዳዋ ያደገ ሰው ሞምባሳ ቢገባ ሙቀቱም፣ ባቡሩም፣ የገበያው ጫጫታም ባዕድ አይሆኑበትም።

ከኢስትሊ በ6 ወይም በ9 ቁጥር ማታቱ (ሚኒባስ) መሀል ከተማ ወርዳችሁ ወደ ሲዮኪማው ጣቢያ ትሄዳላችሁ። ትኬት አስቀድማችሁ ቁረጡ፤ ለበዓል ሰሞን ቶሎ ያልቃል። ጣቢያው በር ላይ ሻንጣችሁን መሬት ላይ በመስመር ደርድራችሁ ወደ ኋላ ትላላችሁ፤ ውሻ አንድ በአንድ እያሸተተ ያልፋል። ከዚያ ሌላ ፍተሻም አለ። ስለዚህ በመጨረሻው ደቂቃ ደርሳችሁ ከጥበቃ ጋር አትጨቃጨቁ፤ ባቡሩ ማንንም አይጠብቅም። ፀቮ የዱር እንስሳት ፓርክ ላይ ስትደርሱ ስልኩን አስቀምጣችሁ በመስኮት ተመልከቱ። የአገሩ አፈር ቀይ ስለሆነ ዝሆኖቹም ቀይ ሆነው ነው የሚታዩት።

በጃፓኗ ሂሜጂ ከተማ ተሳፋሪ ከጣቢያው ሲወጣ የአሮጌው ግንብ ጫፍ በቀጥተኛው ጎዳና መጨረሻ ፊት ለፊቱ ይታየዋል። ሞምባሳ እንዲህ አትመችም። አዲሱ ጣቢያ ከደሴቲቱ ውጭ ሚሪቲኒ ስለሆነ ወደ ምሽጉ ሌላ መጓጓዣ መያዝ ግድ ነው። ብዙ አበሻ ከዚያው በቀጥታ ወደ ባሕር ዳርቻ የሚታጠፈው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

አሁን ወደ ምሽጉ። ፎርት ጂሰስ ይባላል። ፖርቱጋሎች ሥራውን የጀመሩት በ1593 ነው፤ ንድፉን ያወጣው ጆቫኒ ባቲስታ ካይራቲ የሚባል ጣሊያናዊ መሐንዲስ ነበር። የኦማን ዐረቦች ከ1696 እስከ 1698 ድረስ ለሠላሳ ሦስት ወር ያህል ከበው ወሰዱት። እንግሊዞች እስር ቤት አደረጉት፤ በኋላ ሙዚየም ሆነ፤ በ2011 ዩኔስኮ መዘገበው።

አንድ ጊዜ አብሮን የሄደ የኢስትሊ ልጅ በሩ ላይ ቆሞ፣ «የጎንደሩን ግንብ የሠሩት እነዚሁ ናቸው አይደል?» አለ። ይህን ጥያቄ ከተማሩ ሰዎችም ሰምቼዋለሁ። መልሱ ያለው እዚያው ግድግዳው ላይ ስለሆነ፣ አብረን ዞረን እንድናይ ጠየቅሁት።

ግድግዳው የተሠራው ከኮራል ድንጋይ ነው፤ ጠጋ ብሎ ያየ ሰው የባሕር ፍጥረቶችን ቅርጽ ድንጋዩ ውስጥ ያገኛል። ወፍራም ነው፤ ወደ ላይ ሲወጣም ወደ ውስጥ ያዘነብላል። በአራቱ ማዕዘን ወደ ውጭ የወጡ የመድፍ ቦታዎች አሉ። ወደ አንዱ ግድግዳ የተጠጋ ጠላት ከጎን ካለው ማዕዘን እንዲመታ ታስቦ የተሠራ ነው። ሰገነት የለውም፣ ጉልላት የለውም። ሁሉ ነገሩ ለመድፍ ነው።

ጎንደር ሂዱና የፋሲልን ግንብ እዩ። ከፍ ብሎ ይታያል፤ በአራቱ ማዕዘን ጉልላት ያላቸው ክብ ማማዎች አሉት፤ ንጉሡ ለሕዝቡ የሚታይበት ሰገነት አለው። የንጉሥ መኖሪያ ነው። ፎርት ጂሰስ ግን የወታደር ምሽግ ነው። ዘመኑም አይገጥምም። ዐፄ ፋሲል በ1632 ነገሡ፤ ከፖርቱጋሎች ጋር የተያያዙትን የካቶሊክ ሚስዮናውያን፣ ኢየሱሳውያንን፣ ካገር ያስወጡት ጎንደርን በ1636 ከመቆርቆራቸው በፊት ነው። ያባረሩትን ሰው ቤት ሥራልኝ ብለው አይጠሩትም። በ1648 ጎንደርን የጎበኘው የየመን መልእክተኛ ሐሰን አልሐይሚም የግንቡን ሠሪ ህንዳዊ ነው ብሎ ጽፏል።

ሐቁ እንዳይጎድል ግን ልጨምር። በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን በኖራ የመገንባት ጥበብ ሲስፋፋ ኢየሱሳውያንና አብረዋቸው የነበሩ ህንዳውያን ግንበኞች ድርሻ ነበራቸው። የጎንደር አሠራር ከህንድም፣ ከዐረብም፣ ከአውሮፓም የተማረው አለ። ከሌላ መማር ግን ሌላው ሠራልኝ ማለት አይደለም። ያዘዘው፣ የከፈለው፣ የኖረበት የአገሩ ንጉሥ ነው፤ ድንጋዩን የጠረበውና የተሸከመው እጅም በብዛት የአገሩ ሰው እጅ ነው።

ፖርቱጋሎችን ማንቋሸሼ አይደለም። ቫስኮ ዳ ጋማ በ1498 ሞምባሳ ደረሰ፤ ልጁ ክሪስቶቫኦ በ1541 አራት መቶ ያህል ነፍጠኞች ይዞ ኢትዮጵያን ለመርዳት መጣ፤ በ1542 እዚያው ሞተ። ያ ውለታ በራሱ ይበቃል፤ ያልሠሩትን ግንብ መጨመር አያስፈልግም።

ምሽጉ ውስጥ ስትገቡ መድፎቹ ላይ ወጥታችሁ ፎቶ አትነሡ፤ ግድግዳው ላይም ስም አትጻፉ። አስጎብኚ ያዙ፤ ውሃና ባርኔጣ አትርሱ። ልጆች ያላችሁ የኢስትሊ ወላጆች በሚቀጥለው የትምህርት ቤት ዕረፍት በባቡር ይዛችኋቸው ሂዱ፤ የፋሲልን ግንብ ሥዕልም ያዙ። ምሽጉ በር ላይ አቁማችሁ ሁለቱን እንዲያወዳድሩ ጠይቋቸው። ጎንደርን ማን ሠራ ለሚላቸው ሰው መልሱን ራሳቸው ይሰጡታል።