ነጥብ የሚውጥ ፓምፕ

ከቦሌ መድኃኔዓለም ወደ ገርጂ፣ ከሃያ ሁለት ወደ ሲኤምሲ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ የሕክምና ታፔላ ይበዛል። ገርጂ ያለውን፣ ሁላችንም ኮሪያ ሆስፒታል የምንለውን ጨምሮ በዚህ የከተማው ክፍል ብዙ የግል ሆስፒታልና ክሊኒክ አለ። በውስጣቸው ያለው መሣሪያ አብዛኛው ከውጭ የመጣ ነው። መሣሪያ ሲገዛ ዋጋው፣ የተሠራበት አገር፣ ዋስትናውና መለዋወጫው ይጠየቃል። ሶፍትዌሩ በደከመ ሰው እጅ ምን ያደርጋል ብሎ የሚጠይቅ ገዢ ግን ጥቂት ነው። ይህን ጥያቄ የብዙ ዓመት ሥራቸው ያደረጉ አንድ ተመራማሪ አሉ። የደረሱበት ነገር ለእኛም እጅግ ስለሚጠቅም ከአንባቢ ጋር ላስተዋውቃቸው።

ፕሮፌሰር ሃሮልድ ቲምብልቢ በዌልስ የስዋንዚ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ሳይንስ ሊቅ ናቸው። ሐኪም አይደሉም። ጥናታቸው ሰው ቁልፍ ሲጫን መሣሪያው ምን ይመልሳል በሚለው ላይ ነው። በ2021 እ.ኤ.አ. በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ያሳተሙት «ፊክስ አይቲ» የተባለው መጽሐፋቸው ሙሉ በሙሉ ስለ ሆስፒታል ኮምፒውተርና ስለ ሕክምና መሣሪያ ጉድለት ነው። ብዙ የደከሙበት መሣሪያ ደግሞ ኢንፊውዥን ፓምፕ ነው፤ መድኃኒትን በተለካ ፍጥነት በደም ሥር የሚያስገባው፣ ከሕመምተኛው አልጋ ራስጌ የሚንጠለጠለው ሣጥን። ነርሷ በሰዓት ስንት ሚሊ ሊትር እንደሚሄድ ቁልፍ ተጭና ትነግረዋለች። ጽኑ ሕሙማን ክፍልና ጨቅላ ሕፃናት ክፍል ውስጥ የሰው ሕይወት በዚያ ቁጥር ላይ ነው።

ቁጥር ማስገባት ቀላል ይመስላል። ቲምብልቢ ግን የአሥርዮሽ ነጥብን በዝምታ የሚጥል ፓምፕ አገኙ። ቁጥሩ ከ100 ሲያልፍ መሣሪያው ነጥብ አይቀበልም፤ አለመቀበሉ ብቻውን ባልከፋ ነበር። የከፋው አለመቀበሉን አለመናገሩ ነው። ነርሷ አንድ፣ ዜሮ፣ ዜሮ፣ ነጥብ፣ አንድ ብላ ስትጫን ነጥቡን ይውጥና 1001 ብሎ ይቀጥላል። መቶ ከአንድ አሥረኛ የነበረው ሺህ አንድ ሆነ ማለት ነው። ድምፅ የለም፣ ማስጠንቀቂያ የለም። ነገ ምርመራ ቢደረግ መዝገቡ ላይ የሚገኘው ሲስተር 1001 ማስገባቷ ብቻ ነው።

በ2010 እ.ኤ.አ. ቲምብልቢና የዮርክ ዩኒቨርሲቲው ፖል ኬርንስ ይህን ጉዳይ በቁጥር መረመሩት። ሰው ሲጫን የሚሳሳታቸውን ስህተቶች በኮምፒውተር እያስመሰሉ፣ ሁለት ነጥብ ያለበትን ወይም ቅርጹ የተበላሸ ቁጥርን እምቢ የሚል ፓምፕ ቢሠራ ምን ይለወጣል ብለው ጠየቁ። መጠኑን አሥር እጥፍ የሚያዛንፈው አደገኛ ስህተት በግማሽ ያህል ይቀንሳል። ለዚህ አዲስ ማሽን መግዛት አያስፈልግም፤ ጥቂት የሶፍትዌር መስመሮችን ማስተካከል ይበቃል። በቀጣዩ ዓመት ከባልደረቦቻቸው ጋር ያወጡት ጥናት ደግሞ እኔን ይበልጥ አስገርሞኛል። ከዜሮ እስከ ዘጠኝ ቁጥር ያለው ሰሌዳ የሚጠቀም ሰው ዓይኑ ጣቱ ላይ ይተከላል፤ ስክሪኑ ላይ የተሳሳተ ቁጥር ቢወጣ አያየውም። ወደ ላይና ወደ ታች በሚያመለክት ቀስት ቁጥር የሚያስገባ ሰው ግን የት እንደደረሰ ለማወቅ ስክሪኑን ማየት ግድ ስለሚሆንበት ስህተቱን ቶሎ ይይዛል። ዘገምተኛ የሚመስለው ቁልፍ ሰው ይበልጥ እንዲያስተውል ያደርጋል ማለት ነው። ሁለቱን ሳያወዳድር የሚገዛ ሆስፒታል ይህን ከየት ያውቃል?

ስለ እነዚህ ነገሮች ሳነብ ከአእምሮዬ ያልወጣው በ2006 እ.ኤ.አ. በካናዳ ኤድመንተን ከተማ የደረሰው ነው። አንዲት የካንሰር ሕመምተኛ በአራት ቀን ቀስ ብሎ ሊገባላት የሚገባው መድኃኒት በአራት ሰዓት ገባባት፤ ሕይወቷም አለፈ። በሰዓት 1.2 ሚሊ ሊትር መሄድ ሲገባው ፓምፑ ላይ የተሞላው 28.8 ነበር። 28.8 የቀኑ መጠን ነው፤ ለ24 መካፈሉ ተረስቷል። ሒሳቡን ሁለተኛ ነርስ አይታዋለች፤ እሷም እዚያው ቁጥር ላይ ደርሳለች። ፓምፑስ? የቀኑን መድኃኒት በአንድ ሰዓት እንዲያስገባ ሲታዘዝ እሺ አለ። ቲምብልቢ ደጋግመው የሚያነሡት ይህን ነው፦ ሰው መሳሳቱ አይቀርም፤ መሣሪያው የሚሠራውም ሰው እንደሚሳሳት ታውቆ መሆን አለበት።

እኛ ዘንድ አንድ ጥፋት ሲደርስ መጀመሪያ የሚፈለገው ተጠያቂው ሰው ነው። ይህ የእኛ ብቻ ጠባይ አይደለም። በዌልስ ብሪጅንድ ከተማ አንድ ሆስፒታል ውስጥ ነርሶች በወረቀት የጻፉት የሕመምተኞች የደም ስኳር መጠንና ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለው መዝገብ አልገጠም አለ። ኮምፒውተር አይዋሽም ተብሎ ነርሶቹ ሳይለኩ ለክተናል ብለዋል በሚል ተከሰሱ። ቲምብልቢ በባለሙያ ምስክርነት ተጠርተው ሲያጣሩ፣ የስኳር መለኪያው አምራች መሐንዲስ መዝገቡን ሲያስተካክል መረጃ መሰረዙ በፍርድ ቤት ታወቀ፤ በ2015 እ.ኤ.አ. ክሱ ፈረሰ። እነዚያ ሴቶች በሥራቸውና በስማቸው የከፈሉትን ሳስብ እናደዳለሁ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደርም ከ2005 እስከ 2009 እ.ኤ.አ. ባሉት ዓመታት ስለ ኢንፊውዥን ፓምፕ ወደ 56 ሺህ የሚጠጋ የጉዳት ሪፖርት ደርሶት፣ 87 ጊዜ ፓምፕ ከአገልግሎት እንዲሰበሰብ ወይም እንዲታረም ተደርጓል። በምክንያትነት ከተጠቀሱት መካከል የሶፍትዌር ስህተትና ለተጠቃሚ የማይመች አሠራር ይገኙበታል።

ወደ ቦሌ ስንመለስ፣ ዌልስ ላይ የሌለ አንድ አደጋ አለብን። መሣሪያው የሚቆጥረው ሰዓት የእኛ አይደለም። በየስድስት ሰዓቱ የሚሰጥ መድኃኒት እንውሰድ። በመሣሪያው አቆጣጠር 6፣ 12፣ 18 እና 24 ሰዓት ነው። በእኛ ደግሞ 12፣ 6፣ 12፣ 6። የሁለቱ አቆጣጠር ልዩነት ራሱ ስድስት ሰዓት ነው፤ ልክ አንድ ዶዝ። አንዷ ነርስ በፈረንጅ ሰዓት «6፡00 ተሰጥቷል» ብላ ብትጽፍ፣ ተራ የተረከበችው በሐበሻ ሰዓት ብታነበው፣ ቻርቱ ላይ የሚደጋገሙት ያው 6 እና 12 ስለሆኑ ስህተቱ ስህተት አይመስልም። አንድ ዶዝ ይዘለላል ወይም ይደገማል።

የዘመን አቆጣጠሩም እንዲሁ ነው። መስከረም 1 ቀን 2013 ዓ.ም. የተወለደ ሕፃን ቀኑ ሳይለወጥ 01/01/2013 ተብሎ ከገባ መሣሪያው ከሰባት ዓመት ተኩል በላይ ያስረጀዋል። የልብ ምርመራ ማሽን የልብ ምቱ ፈጣን ነው ወይስ ደህና የሚለውን የሚፈርደው ዕድሜን አይቶ ነው፤ ለአራት ዓመት ልጅ ጤናማ የሆነ ምት ለአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ያሳስባል። በጳጉሜን የተወለደውንማ አሥራ ሦስተኛ ወር ስለማያውቅ ጭራሽ አይቀበለውም። ስምም አለ፤ የአባት ስምን እንደ ቤተሰብ ስም ወስዶ ቀድሞ የሚጽፍ ሞኒተር ሦስት ከበደ የሚባሉ አባቶች ልጆች በተኙበት ክፍል ውስጥ ምን እንደሚያደርግ የሚያውቀው እዚያ ያደረ ነው።

ሊስተካከል የማይችል ነገር ግን አይደለም። ጤና ሚኒስቴር የየጤና ጣቢያውን ሪፖርት የሚሰበስብበት፣ ከኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የተነሣው ዲኤችአይኤስ 2 የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠር ይቀበላል። ተጠይቆ ተሠራ። ዓለም አቀፍ ደረጃዎችም አሉ፦ አይኢሲ 62304 የሕክምና ሶፍትዌር እንዴት ተሠርቶ እንዴት እንደሚጠበቅ ይደነግጋል፣ አይኢሲ 62366 ደግሞ መሣሪያው ለተጠቃሚው የሚመች መሆኑ በሰዎች ተሞክሮ እንዲረጋገጥ ያዛል። የሚሞክሩት ሰዎች ግን መሣሪያውን እንደሚጠቀሙት ያሉ መሆን አለባቸው። በሌላ አገር ጸጥታ፣ በሌላ ሰዓት የተፈተነ መሣሪያ እኛ ዘንድ ሲደርስ ያልተፈተነ ብዙ ነገር ይቀረዋል።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 የሕክምና መሣሪያ ቁጥጥርን ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ሰጥቷል። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን መሣሪያ መመዝገቡ ጥሩነቱን ከሌላው ጋር አወዳድሮ አያሳይም። ቲምብልቢ ለዚህ ያቀረቡት ሐሳብ አውሮፓ ፍሪጅ ላይ ከሚለጠፈው የኤሌክትሪክ ፍጆታ ምልክት የመጣ ነው፦ እያንዳንዱ የሕክምና መሣሪያ ምን ያህል ስህተትን እንደሚከላከል የሚያሳይ ደረጃ በግልጽ ይለጠፍበት፤ ገዢው ከዋጋው ጋር ይየው። አምራቹ የሚሰማው ደንበኛ ሲመርጥ ነው።

ምልክቱ እስኪመጣ ጨረታው በእጃችን ነው። የኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎትም ሆነ ገርጂ ያለ የግል ሆስፒታል ናሙና ሲቀርብለት፣ ከአዳር ተራ የወጡ ሲስተሮችን ጠርቶ ግማሽ ቀን ቢያስሞክራቸው፣ ከአዲስ አበባና ከጅማ ዩኒቨርሲቲ ከሚወጡት የባዮሜዲካል ምሩቃን አንዱ አጠገባቸው ተቀምጦ የተሳሳቱትን ሳይሆን መሣሪያው የፈቀደላቸውን ስህተት ቢመዘግብ፣ ውጤቱም ከዋጋው እኩል ነጥብ ቢያዝለት ብዙ ይለወጣል። መሣሪያው ከገባ በኋላ ችግር ከተፈጠረ ደግሞ ሲስተሯ ደብዳቤ ከመቀበሏ በፊት የማሽኑ መዝገብ ይቀዳ፤ እስኪቀዳም የአቅራቢው ቴክኒሻን እጁን አያሳርፍበት።