ሞጁሉ ቤት ድረስ መጣ፤ አማካሪውስ?

በርቀት ማስተርስ የሚማሩ ሴቶች ኮርስ አያቅታቸውም። የሚቀሩት መመረቂያ ጽሑፉ ላይ ነው፤ በማስተባብረው ማዕከል ይህን ደጋግሜ አያለሁ። ልጆች ከተኙ በኋላ ሞጁል ያነባሉ፣ አሳይመንት በጊዜው ያስገባሉ፣ ለፈተና ከወረዳ ተነሥተው ይመጣሉ። ፕሮፖዛል ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ይጠፋል።

የርቀት ትምህርት ያመጣውን ለውጥ አላቃልልም። የሕንዱ የርቀት ዩኒቨርሲቲ ኢግኑ ከቅድስት ማርያም ዩኒቨርሲቲ ጋር፣ የደቡብ አፍሪካው ዩኒሳ ደግሞ አቃቂ ባለው ማዕከሉ ማስተርስና ዶክትሬት ሲያቀርቡ፣ ሥራ ሳይለቁና ቤት ሳይዘጉ መማር ተቻለ። በክፍለ ሀገር ላለች ባለትዳር መምህርት ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ባለፈው የፈተና ሰሞን አንዲት ተማሪ አራስ ልጇን ለእህቷ ሰጥታ ገባች። ፈተናው ሲጋመስ የልጁ ለቅሶ በመስኮት ገባ። ተቆጣጣሪው አብሯት ወጣ፣ ግቢው ውስጥ አግዳሚ ላይ ቁጭ ብላ አጠባች፣ ተመልሳ ጨረሰች። እሱ ደግ ሰው ሆኖ ነው እንጂ የፈተና መመሪያው ስለዚህ ነገር ትንፍሽ አይልም።

የቀነ ገደቡም ነገር እንዲሁ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለምትወልድ ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ፈቃድ ከነደመወዙ ይሰጣል። እኛ ጋ ግን የወለደች ተማሪ ቀነ ገደቡ ካለፈባት የማራዘሚያ ክፍያ ትጠየቃለች።

ከሁሉ የሚብሰው የመመረቂያ ጽሑፉ የምክር አሰጣጥ ነው። አማካሪው «ሐሙስ ቢሮ ነይ» ይላል። ለተማሪዋ ሐሙስ ማለት አለቃ ማስፈቀድ፣ ልጅ የሚይዝ ሰው መፈለግ፣ ሌሊት አውቶቡስ መሳፈር ነው። ደርሳም «ስብሰባ ገብተዋል» ትባላለች። ወንዱ ተማሪም ይጉላላል፤ ቢሆንም አልጋ ይዞ ያድራል፣ ሚስቱ ቤቱን ትይዝለታለች። የእሷን ቤት ማን ይያዝላት?

አማካሪ ባልደረቦቼ፣ አስተያየታችሁን ፋይሉ ላይ ጻፉና በኢሜይል ላኩላቸው። መጻፍ ከታከታችሁ በቴሌግራም ድምፅ ቅዱ። ምዕራፍ ሲደርሳችሁ መልስ የምትሰጡበትን ቀን ቁረጡና ንገሯቸው። ለአንድ ፊርማ ብላችሁም ከወረዳ አትጥሯቸው፤ ስካን ተደርጎ የመጣ ቅጽ ይበቃል።